የስካዚው ገመድና ጋሽ መርጊያ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ አነስ ያለ መሸኛ አዘጋጅቶልኝ ነበር። ከወጣቶቹ ቴክኒሻኖች አንዷ ተነሥታ፣ «እትዬ አስናቀች፣ በሥራ ዘመንዎ የተማሩት ትልቁ ነገር ምንድነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ሁሉ ቁም ነገር ይጠብቃል፤ ወደ አፌ የመጣው ግን «አብዛኛውን ጊዜ ግራ ገብቶኝ ነው የሠራሁት» የሚል ነበር። እሱን ብል ያስቃል እንጂ አያስጨበጭብም ብዬ «ትዕግሥት» አልኩና ተቀመጥኩ። ተጨበጨበልኝ። ማታ ጀሞ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መልሴ ከነከነኝ።

እነዚያ ልጆች ዛሬ ዲስክ ሲቀይሩ አንዱን ገመድ ይሰኩና ያበቃል። እኔ ስካዚ ስላቸው የጣሊያን ምግብ መሰላቸው። ስካዚ የድሮ የዲስክ ማገናኛ ነው፤ እኛ ስንጀምር ዲስኮች ሁሉ በአንድ ጠፍጣፋ ገመድ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው ነው የሚሠሩት፤ የዚያ ገመድ ጫፍ በትክክል ካልተዘጋ ደግሞ ማሽኑ ያብዳል። ይህን በቃል መናገር ቀላል ነው። እኔ ግን በዚያ ገመድ ምክንያት ሰው ሊታሰር ሲል አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም ነገሩ ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል አልልም።

ሥራ የጀመርኩት ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈት መኪናና የሒሳብ ማሽን በሚጠገንበት ቤት ነው። ቤቱ ተወረሰና ባለቤቱ ሄዱ፤ እኛ ሠራተኞቹ ከነመፍቻችን የመንግሥት ሆንን። የመጀመሪያው አለቃዬ ስብሰባ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ማሽን ሲበላሽ እንኳ ማሽኑን ሰብስበው የሚያወያዩት ይመስለኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ንፋስ ስልክ ወዳለ የከባድ መኪና መለዋወጫ አከፋፋይ ድርጅት ተዛወርኩ። መደቤ ከፍ አለ ተባልኩ፤ ደመወዜ ግን አልሰማም። እዚያ ያገኘኋቸው አለቃ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ክፍል ሲገቡ ጫማቸውን በር ላይ የሚያወልቁ፣ ማሽኑን እንደ ታቦት የሚፈሩ ኢንጂነር ነበሩ።

ጋሽ መርጊያን ያገኘኋቸው በዚያ ክፍል ነው። በጃንሆይ ጊዜ ውጭ አገር ልከዋቸው ሬዲዮ ተምረው፣ እዚያው ንፋስ ስልክ በሬዲዮ መልእክት ሥራ ላይ ቆይተው፣ በኋላ ወደ ድርጅቱ የመጡ ቀጭን ሰው ናቸው። ማሽን ከመንካታቸው በፊት ሰዓታቸውንና የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ምስማር ላይ ይሰቅላሉ፤ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋሉ። የሚፈቱትን ብሎን በፈቱበት ቅደም ተከተል ጨርቁ ላይ ይደረድሩታል። ማሽኑ ሲሠራ «አንተ» ይሉታል፤ ሲበላሽ ግን «እርስዎ» ነው። «ምን ሆኑብን ዛሬ?» ሲሉት ከሰማሁ የዚያ ቀን ምሳ እንደማይበላ አውቃለሁ። ምንም ዓይነት ብልሽት ሲነገራቸው ደግሞ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጫፉስ?»

ኮምፒዩተሩ በእርዳታ የመጣ ነው። መጀመሪያ አንድ ዲስክ ብቻ ነበረው፤ የተከለው ፈረንጅ ሥራውን ጨርሶ ሄደ። ሁለቱ ተጨማሪ ዲስኮች በሌላ ጭነት ዘግይተው ሲመጡ የሚተክል ሰው አልመጣም። ጋሽ መርጊያ መመሪያውን ሲያነቡ ሰነበቱና አንድ ቀን ጓሮ ይዘውኝ ወጡ። የጭነት መኪና ገመድ አጥር ላይ አሰሩ፤ ሌላውን ጫፍ ሰጡኝና «አርገብግቢው» አሉኝ። አርገበገብኩት። ማዕበሉ ሄዶ፣ አጥሩን መትቶ፣ ተመልሶ እጄ ላይ መጣ።

«አየሽ? የላክሽው ነገር የሚቀበለው ሲያጣ ይመለሳል። አንቺ ደግሞ ሌላ እየላክሽ ነው፤ መንገድ ላይ ይጋጫሉ።»

ከዚያ ገመዱን ከአጥሩ ፈትተው ጫፉን ራሳቸው ለስለስ አድርገው ያዙት። እንደገና አርገበገብኩት። ማዕበሉ እጃቸው ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

«ይኼ ነው ማቆሚያ ማለት። በሁለቱ ጫፍ ብቻ። መሃል ላይ የሚይዝ ከበዛ መልእክቱ እየተጠጣ ያልቃል።»

ማቆሚያዎቹ ማበጠሪያ የሚመስሉ ትናንሽ ሬዚስተሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ዲስክ ከፋብሪካው ሲመጣ ሆዱ ላይ ተሰክተውበት ነው የሚመጣው። አንደኛው የገመድ ጫፍ ኮምፒዩተሩ ውስጥ በራሱ ተዘግቷል። ሌላኛውን ጫፍ የሚዘጋው የመጨረሻው ዲስክ ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው በቀር ከሌሎቹ ዲስኮች ላይ መነቀል አለባቸው። ጋሽ መርጊያ ከፊተኛውና ከመሃሉ ዲስክ ማበጠሪያዎቹን በጥፍራቸው እየነቀነቁ፣ እግራቸው እንዳይጣመም ተጠንቅቀው አወጧቸውና በባዶ የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠው መደርደሪያ ላይ አኖሩት። ለየዲስኩ የተለያየ ቁጥር ሰጡ፤ ገመዱን ሳይጨማደድ አጠፉት። ማሽኑ ተነሣ። ሦስቱንም ዲስኮች አወቃቸው። «ጎበዝ አንተ» አሉት። እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ ቀን ሥራዬን ወድጄው አላውቅም።

ወራት በሰላም አለፉ። ከዚያ የዓመቱ የንብረት ቆጠራ መጣ።

ቆጠራ በዚያን ዘመን ቀልድ አልነበረም። ኮሚቴ ይዋቀራል፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የግድግዳ ሰዓት ሁሉ ቁጥሩ ይታያል። የእኛ ንብረት ኃላፊ ጋሽ ከድር ይባላሉ፤ የስልጤ ሰው፣ ፉሪ በኩል የሚኖሩ፣ የልጆች አባት፣ እጃቸው የማይሳሳት ሰው። ከጋሽ መርጊያ ጋር ምሳ አንድ ላይ ነው የሚበሉት። ዲስኮቹ የፋብሪካ ቁጥራቸው ሆዳቸው ላይ ስለሆነ፣ ጋሽ መርጊያ ማሽኑን አጥፍተው፣ ሣጥኑን ከፍተው፣ ዲስኮቹን አውጥተው ነጩ ጨርቅ ላይ ደረደሩላቸው። ወዲያው የስብሰባ ደወል ተደወለ። ከስብሰባ መቅረት የሚፈቀደው ቆጠራ ላይ ላለ ብቻ ነበርና እኛ ወደ አዳራሽ ሄድን፤ ጋሽ ከድር ቀሩ። ስንመለስ ዲስኮቹ በየቦታቸው ገብተው ነበር፤ የቀረን ገመዱን መሰካትና መክደን ብቻ ነው። ማሽኑ ተነሣ፤ ሠራ።

አዎ፣ ሠራ። ግራ የሚያጋባኝም እሱ ነው። ወዲያው እምቢ ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ አንዱ ዲስክ ይሰወር ጀመር። አጥፍተን ስናበራው ይመለሳል። «መብራቱ ነው» አልን፤ መብራት እንደ ልቡ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሰፈር ነበርና። ስታቢላይዘር ለመንን፣ መጣ። ሁለት ቀን ሰላም ሆነ፤ ከዚያ ጠዋትም ይሰወር ጀመር። ገመዱን በመለዋወጫ ገመድ ቀየርን፤ ተሻለው፤ በማግሥቱ ባሰበት። የድሮውን መለስን፤ ተሻለው። ቀዝቃዛ ቀን ይሠራል ስንል በብርዱ ቀን ይቆማል። እኔ ወደ መጨረሻ ላይ መስኮቱ ሲከፈት ይሻለዋል ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር። ጋሽ መርጊያ ጠዋትና ማታ ጫፉን ይመረምራሉ፤ የመጨረሻው ዲስክ ማበጠሪያዎቹን በደንብ ይዟል፤ የኮምፒዩተሩም በኩል ደህና ነው። «ጫፎቹ ንጹሕ ናቸው» ይላሉ። ማሽኑን «እርስዎ» ማለታቸው እንኳ ቀረ፤ ምንም አይሉትም ነበር።

የከፋው መሰወሩ አይደለም። ሳይሰወር ሲጽፍ የተሳሳተ ነገር ይጽፋል። መጋዘኑ በባሌስትራ ተሞልቶ ማሽኑ «የለም» ይላል። ያለቀውን ፍሬን ሸራ «ሞልቷል» ይላል። እህል ወደ ሰሜን የሚጭኑ መኪኖች ግቢያችን ውስጥ ተሰልፈው መለዋወጫ ይጠብቃሉ፤ ሹፌሮቹ ጥላ ሥር ካርታ እየተጫወቱ እኛን ይራገማሉ። አንዱ ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እህቴ፣ ይኼ ማሽን ፍሪሲዮን ይበላል እንዴ?» አለኝ። የመጠባበቂያ ቅጂያችንም የተወሰደው ማሽኑ ከታመመ በኋላ ስለነበር ራሱ የተበላሸ ነው። የመጋዘኑ መረጃ በእጃችን ላይ ጠፋ፤ መልሰን አላገኘነውም። ጸሐፊዎቹ መደርደሪያ ለመደርደሪያ እየዞሩ እንደገና ለመመዝገብ ተገደዱ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የወደቅኩበት ጊዜ የለም። አፍሬም ነበር፤ ፈርቼም ነበር።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የድርጅቱ ካድሬ ጓድ ፍሥሐ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ዓይናቸው ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበር፤ እሳቸውንም ከበላይ የሚጠይቃቸው ነበረ።

«ጓዲት አስናቀች፣ የዚያን ክፍል ቁልፍ የያዛችሁት ሁለት ናችሁ። አንዳችሁ ምክንያቱን ታውቃላችሁ።»

«እኔ አላውቅም ጓድ።»

«አላውቅም መልስ አይሆንም።»

«የማላውቀውን ምን ልበል?»

«ሰውዬው በጃንሆይ ጊዜ ውጭ ነው የሠለጠነው አይደል?» አሉኝ።

«ሬዲዮ ነው የተማሩት።»

«ሬዲዮም ለብዙ ነገር ይሆናል። መኪና ቆሟል፣ እህል ቆሟል። እስከ ሰኞ ምክንያቱ ካልተገኘ ጉዳዩ አሻጥር ተብሎ ለሚመለከተው ክፍል ይተላለፋል። ከዚያ በኋላ እኔም ልረዳችሁ አልችልም።»

«የሚመለከተው ክፍል» ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ለዚያ ክፍል ተላልፎ በሳምንቱ የተመለሰ ሰው አላውቅም። ወጥቼ ለጋሽ መርጊያ ስነግራቸው ሰዓታቸውን ምስማሩ ላይ እየሰቀሉ ነበር። «እንግዲያው እንሥራ» አሉ። እጃቸው ግን ምስማሩን ስቶ ሰዓቱ መሬት ወደቀ።

ቅዳሜ ነው፤ ሥራ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ የሚቆይበት ቀን። እኔ የማደርገው ሲያልቅብኝ ቢያንስ አቧራ ልጥረግ ብዬ የመሃሉን ዲስክ ፈታሁ። ብልሃት አልነበረም፤ ሥራ ፈትቶ ላለመቀመጥ ነው። ስገለብጠው ሆዱ ላይ ማበጠሪያዎቹ ተደርድረው ተሰክተዋል። ልክ ከፋብሪካ እንደመጣ።

«ጋሽ መርጊያ፣ እነዚህን ነቅለናቸው አልነበረም?»

መነጽራቸውን አጠለቁ። የፊተኛውንም ዲስክ ፈታሁት፤ እሱም እንደዚያው። ወደ መደርደሪያው ሄጄ የከረሜላውን ቆርቆሮ ስከፍተው ባዶ ነው። ጋሽ መርጊያ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። «ቆጠራው...» አሉ። «ከድርን ሄደሽ ጠይቂው። ለምን እንደምትጠይቂ ግን አትንገሪው።»

ጋሽ ከድር መጋዘኑን ሊቆልፉ ሲሉ ደረስኩ። «ጋሽ ከድር፣ ቆርቆሮው ውስጥ የነበሩትን ትናንሽ ማበጠሪያዎች አይተዋቸዋል?» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «መለስኳቸዋ! ስብሰባ ላይ ሳላችሁ። ኮሚቴው መደርደሪያ ላይ ልቅ ዕቃ ካየ፣ ዲስኩም ባዶ ጥርስ ሆኖ ካገኘው ‹ጎደለ› ብሎ ይጽፋል። ጎደለ ከተባለ ደግሞ መርጊያ አለቀለት ማለት ነው። ሦስተኛውን ዲስክ እያየሁ አንድ በአንድ፣ ነጥቧን በነጥቧ አድርጌ ሰካኋቸው። አንድም እግር አላጣመምኩም የኔ ልጅ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ውለታ ይነገራል እንዴ?»

ተመልሼ ነገርኳቸው። ጋሽ መርጊያ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ዓይናቸውን በመሃረብ ጠረጉ። ማበጠሪያዎቹን ነቀሏቸው፤ ማሽኑን አስነሡት። ሦስቱንም ዲስኮች አወቀ፤ ግቢው ጭር እስኪል ሞከርነው፣ አንዴም አልሳተም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ጓድ ፍሥሐን ነበር የማስበው። እውነቱን ብንናገር ምን ይላሉ? ያልተፈቀደለት ሰው፣ ማንም ሳያየው፣ የመንግሥትን ኮምፒዩተር ሆድ ከፍቶ ነካ። ይህ በዚያን ዘመን ጆሮ ሲሰማ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመስለው።

«ምን ልንላቸው ነው?» አልኳቸው።

ከመሳቢያቸው ፒንሳ አወጡ፤ ማሽኑ ላይ የነበረውን ገመድ ነቅለው ነጩ ጨርቅ ላይ ዘረጉት፤ መሃሉ ላይ በፒንሳው ነክሰው ጨመቁት። የፒንሳው ጥርስ ጉልህ ሆኖ ወጣ። ከዚያ መለዋወጫውን ገመድ ሰኩ።

«ክዳኑን ስገጥም ገመዱን አስነክሼዋለሁ። ቸልተኛ ሆኛለሁ። ይኼው ምልክቱ።»

ያን ሁሉ ዘመን ስለ አሻጥር ስንሰማ ኖረናል። በዓይኔ ያየሁት ሆን ተብሎ የተበላሸ የመንግሥት ንብረት ያ ገመድ ብቻ ነው።

ሰኞ ጓድ ፍሥሐ የተነከሰውን ገመድ በእጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት። እፎይ ያሉ መሰለኝ፤ የሚይዙት ነገር አገኙ። ጉዳዩ «ቸልተኝነት» ተባለ። ጋሽ መርጊያ ከመደባቸው ዝቅ ብለው አሰብ ወደሚገኘው ጋራዥ ተዛወሩ። በመሸኛው ጋሽ ከድር ትከሻቸው ላይ ተጠምጥመው አለቀሱና፣ «ለአንድ ገመድ ብለው ሰው ይልካሉ ወደ በረሃ!» እያሉ ተቆጡ። ጋሽ መርጊያ ጀርባቸውን መታ መታ እያደረጉ፣ «ተወው ከድር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ይሏቸዋል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ማንን ማጽናናት እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ጥፋተኛው ደግ ነው፤ የተቀጣው ልክ ነው፤ ቀጪውም ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ማንን ልቆጣ?

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ጋሽ መርጊያ ከአሰብ ከተፈናቀሉት ጋር ፀሐይ ያጠቆረው ፊት ይዘው ተመለሱና ሳሪስ ሬዲዮ መጠገኛ ከፈቱ። ከጋሽ ከድር ጋር ምሳቸውን ቀጠሉ። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን፣ «አሁን እንኳ ለምን አይነግሯቸውም? የሚያስር የለ» አልኳቸው።

የሚበይዱትን አቆሙ። «አስኑ፣ ሰውዬው ለኔ ብሎ አንድ ደግ ነገር ሠራ። እሱን ብወስድበት በምትኩ ምን እሰጠዋለሁ?»

እኔ አልተስማማሁም። እውነት እውነት ነው ብዬ ተከራከርኩ። እሳቸው ብየዳቸውን ቀጠሉ። ቀብራቸው ላይ ከሁሉ ቀድመው የመጡት ጋሽ ከድር ነበሩ።

ባለፈው ክረምት ጋሽ ከድርም አረፉ። ፉሪ ሄጄ ለቅሶ ደረስኩ። የመጨረሻ ልጃቸው መሬም፣ ከአባቷ ጋር እሠራ እንደነበር ስነግራት ተጠግታ ተቀመጠች።

«አባቴ ሁልጊዜ የሚያወራው አንድ ነገር አለ» አለችኝ። «በደርግ ጊዜ ዕቃ ጎድሎበት ሊታሰር የነበረ ጓደኛውን፣ ማንም ሳያይ ዕቃውን ቦታው መልሶ አድኖታል ይለናል። ወንድሞቼ ያጋንናል ይላሉ። እርስዎ ያውቁታል?»

ስንት ዓመት የተከራከርኩበት ጥያቄ ፊቴ መጥቶ ተቀመጠ። የማውቀውን ሁሉ በአንዴ ለመናገር ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ። ልጅቱ ዓይኗ አብጦ ታየኛለች።

«አውቃለሁ» አልኳት። «ነበርኩ።»

«እውነት ነው ታዲያ? ሰውዬው ተረፈ?»

«ተረፈ» አልኳት።

ዘወር ብላ ወንድሞቿን ጠራቻቸው። «ኑ ስሙ» አለች፤ እኔም አባታቸው ማበጠሪያዎቹን እንዴት አንድም እግር ሳይጣመም እንደሰኩ ነገርኳቸው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነገርኳቸውም።